«ሃወርሊ» ብዬ ጽፌ ሎጉ ለምን በቀን አንዴ ብቻ ይዞራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ባለው የምግብ ማዘዣና ማድረሻ ድርጅት ውስጥ ሲስተም አድሚን ነኝ። ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ነው ያለው፤ ኡቡንቱ 22.04 ነው። የመተግበሪያችን ሎግ (የሚሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት ፋይል) በቀን 6 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። በቅርቡ ዲስኩ ሞልቶ ልክ በምሳ ሰዓት ሥራ ቆመብን። ሎግ በሚያዞረው፣ ማለትም አሮጌውን ለይቶ አዲስ በሚያስጀምረው ሎግሮቴት በሚባል ፕሮግራም ላይ ሃወርሊ (በየሰዓቱ)፣ ከሥሩ ሳይዝ (መጠን) 1 ጊጋ፣ ሮቴት 7 (7 አሮጌ ፋይል አቆይ) እና ኮምፕረስ (ጭመቅ) ብዬ ጽፌያለሁ። ግን የሚዞረው በቀን አንዴ፣ ያውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ የቀኑን ሒሳብ የሚዘጋው ሥራ እየሄደ ነው። ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት ላዛውረው እፈልጋለሁ። ከዞረ በኋላም ዲስኩ ቦታ አይለቅም። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ አንድ ችግር የመሰለህ ነገር ብዙ ችግር ነው። አንዱን ብቻ ብታስተካክል ሌላው ያው ይቀጥላል። ስለዚህ ምላሼ ረዘም ይላል። ትእዛዞቹን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ቴርሚናል ላይ ስትተይብ በላቲን ፊደል አድርጋቸው።

መጀመሪያ ይህን እንያዝ፦ ሎግሮቴት ራሱ ሰዓት አይጠብቅም። ከበስተጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራ ሰርቪስ አይደለም። ሌላ ፕሮግራም ሲጠራው ይነሳል፣ ኮንፊጉን ያነባል፣ መዞር ያለበትን ያዞራል፣ ከዚያ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል። እስኪጠራ ድረስ የለም።

ስለዚህ «ሃወርሊ» ስትል «በየሰዓቱ ተነስ» ማለትህ አይደለም። «በተጠራህ ጊዜ፣ ካለፈው ካዞርክበት ሰዓት ወዲህ ሰዓቱ ተቀይሮ ከሆነ አዙረው» ማለትህ ነው። በቀን አንዴ የሚጠራ ከሆነ በቀን አንዴ ነው የሚያዞረው። ከሃወርሊ ይልቅ ሌላ ምንም ብትጽፍ ይህ አይለወጥም።

በዚያ ላይ ሃወርሊህ ጭራሽ እየተነበበ አይደለም ማለት ይቻላል። ሃወርሊ፣ ዴይሊ (በየቀኑ)፣ ዊክሊ (በየሳምንቱ) እና የመሳሰሉት ከሳይዝ ጋር አብረው አይሠሩም። ሁለቱም ከተጻፉ በመጨረሻ የተጻፈው ነው የሚጸናው። አንተ ሳይዝን ከሥር ስላስቀመጥክ ሎግሮቴት የሚያየው «1 ጊጋ አልፏል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። ይህንንም በቀን አንዴ ነው የሚያየው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 1 ጊጋ ቢያልፍም እስከ ሌሊት ድረስ ማንም አይነካውም።

ጊዜንም መጠንንም ባንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ ማክስሳይዝ አለለት። ማክስሳይዝ «ቀኑ ባይደርስም ይህን ያህል ካለፈ አዙረው» ይላል። ሚንሳይዝ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ «ቀኑ ቢደርስም ይህን ያህል ካልሞላ ተወው»። ሦስቱ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል፤ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ሎግሮቴትን ማን ነው የሚጠራው?

ድሮ ክሮን የሚባለው፣ ትእዛዞችን በተባለው ሰዓት የሚያስነሳ ፕሮግራም ነበር። ዛሬም ኢቲሲ ሥር ክሮን.ዴይሊ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ሎግሮቴት የሚል ፋይል ታገኛለህ። ብዙ አድሚን ይህን አይቶ ክሮንታብ ላይ ሰዓቱን ይቀይርና በማግስቱ ምንም አለመለወጡን ያያል። ያንን ፋይል ከፍተህ ብታነበው፣ ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ክፍል) ባለበት ማሽን ላይ ምንም ሳይሠራ እንዲወጣ ተደርጎ ነው የተጻፈው። ኡቡንቱ 22.04 ላይ እውነተኛው ጠሪ ሎግሮቴት.ታይመር የሚባለው የሲስተምዲ ታይመር ነው። «ሲስተምሲቲኤል ሊስት-ታይመርስ» በል፤ ቀጥሎ መቼ እንደሚነሳ፣ ባለፈው መቼ እንደተነሳ በግልጽ ያሳይሃል። ከዚህ ሳትነሳ ምንም አትቀይር።

ታይመሩ ውስጥ «ኦንካለንደር=ዴይሊ» ተብሎ ተጽፏል። ዴይሊ ማለት በሰርቨሩ ሰዓት 00:00 ነው። ሰርቨርህ በአዲስ አበባ ሰዓት ከሆነ ያ ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ አንተም ያየኸው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰርቨር፣ በተለይ ከውጭ የተከራየ፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚመጣው። የዩቲሲ 00:00 እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። «ታይምዴትሲቲኤል» ብለህ የትኛው እንደሆነ አረጋግጥ። የኛ ሰዓት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ በበጋና በክረምት አይቀያየርም፤ ይህ ሥራህን ያቀልልሃል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ላሳስብህ። «ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ብለሃል። ይህ ታይመሩ ላይ 04:00 ተብሎ ነው የሚጻፈው። 10:00 ብለህ ብትጽፍ የሚነሳው ጠዋት 4 ሰዓት፣ ቢሮው ሥራ በጀመረበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን በቃል ተነጋግረው የሚሠሩ ቡድኖች ውስጥ ይህ ስህተት በብዛት ይታያል፤ አለቃ በኛ አቆጣጠር ይናገራል፣ አድሚኑ እንደሰማው ይጽፋል። ትኬት ላይ ስትጽፉ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ማለትም 04:00» ብላችሁ ሁለቱንም አስፍሩ።

ሰዓቱን ለመቀየር ዋናውን የታይመር ፋይል አትንካ፤ ፓኬጁ ሲታደስ ይጠፋብሃል። «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ሎግሮቴት.ታይመር» በልና ይህን ብቻ ጻፍ፦

[ታይመር]
ኦንካለንደር=
ኦንካለንደር=*-*-* 04:00:00 አፍሪካ/አዲስ_አበባ
አኪዩረሲሴክ=1ኤም
ራንደማይዝድዲሌይሴክ=0

የመጀመሪያው ባዶ መስመር ትርፍ አይደለም። ኦንካለንደር ሲደጋገም ይደመራል እንጂ አይተካም። ባዶውን መስመር ከተውከው የድሮው ከሌሊቱ 6 ሰዓትም አዲሱ 10 ሰዓትም አንድ ላይ ይሠራሉ፤ «ቀየርኩት ግን አሁንም በ6 ሰዓት ይዞራል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የዘለለው ይህን መስመር ነው። አራተኛው መስመር (አኪዩረሲሴክ) ደግሞ ልክ በሰዓቱ እንዲነሳ ነው፤ 1ኤም በትንሹ ኤም ሲጻፍ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። ካልተጻፈ ሲስተምዲ እስከ አንድ ሰዓት ሊያዘገየው ይችላል። የቀጠናውን ስም መጨረሻ ላይ ማስገባትህ ሰርቨሩ በዩቲሲ ቢሆንም ጊዜው እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ጽፈህ ስትጨርስ «ሲስተምዲ-አናላይዝ ካለንደር» ብለህ ያንኑ ጽሑፍ በጥቅስ ውስጥ ስጠው፤ ቀጥሎ የሚነሳበትን ትክክለኛ ሰዓት ይነግርሃል።

ፐርሲስተንት=ትሩ የሚለው ቀድሞውኑ አለ፤ እሱን እንዳታጠፋው። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ስለሆነ መብራት ሌሊት ሄዶ ዩፒኤሱ አልቆ ሊጠፋ ይችላል። ሌሊት ደግሞ ጀነሬተር የሚያስነሳ ሰው ላይኖር ይችላል። ፐርሲስተንት ካለ ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ታይመሩ ያመለጠውን ዙር ያካክሳል። ተራ የክሮን መስመር ይህን አያደርግም፤ ያመለጠው አመለጠ ነው።

እስካሁን ያልኩት ለሲስተሙ ሎጎች ነው። ዋናው ጭንቀትህ ግን በቀን 6 ጊጋ የሚጽፈው የመተግበሪያው ሎግ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ።

በብዛት የሚሰጠው ምክር «ታይመሩን ሃወርሊ አድርገውና ይለይልህ» የሚል ነው። አንተ ጋ አይሆንም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዴይሊ የተባለ ሎግ የሚዞረው 24 ሰዓት ሲሞላው ሳይሆን ቀኑ ከተቀየረ በኋላ በመጀመሪያ በተጠራ ጊዜ ነው። ታይመሩ በየሰዓቱ ከጠራ የመጀመሪያው ጥሪ 00:00 ላይ ይሆናል። ያኔ ዴይሊ የተባለው ሁሉ ተመልሶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰዓት ይዞራል። ስለዚህ አንድ ጠሪ ሁለቱን ሥራ አይሠራልህም። የመተግበሪያውን ሎግ ለይተህ የራሱ ኮንፊግ፣ የራሱ ጠሪና የራሱ መዝገብ ስጠው።

መዝገብ ያልኩት ስታተስ ፋይሉን ነው። ሎግሮቴት እያንዳንዱን ሎግ መቼ እንዳዞረ የሚያስታውሰው እዚያ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ /ቫር/ሊብ/ሎግሮቴት/ስታተስ ይባላል። ከፍተህ ልታነበው ትችላለህ፤ ተራ ጽሑፍ ነው። እግረ መንገዴን፣ አዲስ ሎግ በዴይሊ ስታስገባ በመጀመሪያው ጥሪ አይዞርም። ያን ቀን መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ የሚዞረው ከቀጣዩ ቀን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት ምንም ካልሆነ አትደንግጥ።

ኮንፊጉን እንዲህ አድርገው። መጀመሪያ ሎግሮቴት.ዲ ውስጥ ያለውን የድሮ ፋይልህን አውጣው። ካላወጣኸው አንዱን ሎግ ሁለት ጠሪዎች ያዞሩታል። ከዚያ /ኢቲሲ/ሎግሮቴት-ኦርደር.ኮንፍ የሚል ፋይል ክፈት፦

/ቫር/ሎግ/ኦርደር/*.ሎግ {
  ሱ ኦርደር ኦርደር
  ሳይዝ 500ኤም
  ሮቴት 400
  ማክስኤጅ 30
  ዴትኤክስት
  ኮምፕረስ
  ሚሲንግኦኬ
  ኖትኢፍኤምፕቲ
  ኮፒትራንኬት
}

ፋይሉ የሩት (የማሽኑ ዋና ተጠቃሚ) ይሁን፤ ፐርሚሽኑ 0644። ግሩፕ ወይም ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ከሆነ ሎግሮቴት አልቀበልም ብሎ ያልፈዋል። ኤረሩም ሎግ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር ሳምንት ሙሉ ላታየው ትችላለህ።

«ሱ» የሚለውን መስመር ለምን ጨመርኩ? የኡቡንቱ ዋናው ሎግሮቴት.ኮንፍ ውስጥ «ሱ ሩት ኤዲኤም» የሚል አለ። ምክንያቱም እዚያ ቫር ሎግ ፎልደር ራሱ ሲስሎግ የሚባለው ግሩፕ እንዲጽፍበት ተፈቅዷል፤ ሎግሮቴት ደግሞ ከሩት ሌላ ግሩፕ የሚጽፍበት ፎልደር ሲያይ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘላል። አንተ አሁን የራስህን ኮንፊግ ብቻ ስለምታስነብበው ዋናው ውስጥ ያለው ሁሉ አይደርስህም። ኮምፕረስ እንኳ ዋናው ላይ ተጽፎ ቢሆን እዚህ ዳግመኛ መጻፍ አለበት። ኦርደር ባልኩበት ቦታ የሎግ ፎልደሩ ባለቤት የሆነውን ዩዘርና ግሩፕ አስገባ።

የፋይሉን ስም በኮከብ ብቻ እንዳትጽፈው ተጠንቀቅ። «ኮከብ.ሎግ» በል። ኮከብ ብቻ ካልክ የዞሩትን አሮጌዎችም እንደ አዲስ ሎግ ቆጥሮ መልሶ ያዞራቸዋል። ፎልደሩ በማይረባ ፋይል ይሞላል።

ዴትኤክስት ለዞረው ፋይል ቀን ይለጥፍለታል። ነገር ግን በነባሪው ዓመት፣ ወርና ቀን ብቻ ነው። አንተ በቀን ብዙ ጊዜ ስለምታዞር ሁለተኛው ዙር «ይህ ስም አለ» ብሎ ሳያዞር ያልፋል። ስለዚህ ዴትፎርማት የሚል መስመር ጨምረህ ሰዓትና ደቂቃም አስገባ፤ በፐርሰንት ምልክት ዓመት በትልቁ ዋይ፣ ወር በትንሹ ኤም፣ ቀን በትንሹ ዲ፣ ሰዓት በትልቁ ኤች፣ ደቂቃ በትልቁ ኤም። ቅደም ተከተሉን አታዛባ። እኛ ቀን አስቀድመን መጻፍ እንወዳለን፤ ሎግሮቴት ግን አሮጌውን የሚለየው ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሮ ነው። ቀን ካስቀደምክ ያልጠበቅከውን ይሰርዛል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ መንዝሊ ብትልም የፈረንጅ ወር ሲቀየር ነው የሚዞረው። ሒሳብ ክፍሉ የበጀት ዓመቱን ሰኔ 30 ሲዘጋ የዚያን ዓመት ሎግ ለይቶ ማስቀመጥ ከፈለገ በየዓመቱ ጁላይ 8፣ ማለትም ሐምሌ 1፣ የሚነሳ ለብቻው ስክሪፕት ጻፍ። ሎግሮቴትን በግድ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመጠምዘዝ አትድከም።

ጠሪውን ደግሞ በክሮን እናድርገው፤ በቂ ነው። /ኢቲሲ/ክሮን.ዲ ውስጥ ኦርደር-ሎግ የሚል ፋይል ፍጠር። ስሙ ውስጥ ነጥብ አይኑር፤ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ነጥብ ያለበትን ፋይል ክሮን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ውስጡ አንድ መስመር፦

*/15 2-23 * * * ሩት /ዩኤስአር/ኤስቢን/ሎግሮቴት -ኤስ /ቫር/ሊብ/ሎግሮቴት/ኦርደር.ስታተስ /ኢቲሲ/ሎግሮቴት-ኦርደር.ኮንፍ

በየ15 ደቂቃው ይጠራል፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ግን ያርፋል፤ ሒሳብ መዝጊያችሁ ያንጊዜ ብቻውን ይሠራል። ይህ የሚሆነው የሰርቨሩ ሰዓት የአዲስ አበባ ከሆነ ነው። ክሮን የሰርቨሩን ሰዓት ነው የሚከተለው፤ በዩቲሲ ከሆነ የሚያርፍባቸው ሰዓታት 21 እና 22 ይሆናሉ፤ መስመሩንም በዚያ ልክ ቀይረው።

ለምን በሰዓት ሳይሆን በመጠን መረጥኩልህ? ሥራችሁ እኩል ስለማይሄድ ነው። ማክሰኞ ከሰዓትና ዓርብ ምሳ ሰዓት አንድ አይደሉም። ዓርብ የጾም በያይነቱ የሚያዘው ሁሉ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ባንዴ ይገባል። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ሌላ ነው። በሰዓት ብታዞር ሌሊት ባዶ የሚመስሉ ትንንሽ ፋይሎች፣ ቀን ደግሞ ግዙፍ ፋይል ታገኛለህ። በመጠን ስታደርገው ፋይሎቹ ተቀራራቢ ይሆናሉ፣ ፈልጎ ለማግኘትም ይቀላል።

አሁን ስንት ይቀመጥ? ሮቴት 7 ብለሃል። ዴይሊ ቢሆን 7 ቀን ነበር። በመጠን ሲሆን ግን 7 ፋይል ነው። በቀን 6 ጊጋ፣ ባንድ ፋይል 500 ሜጋ ማለት በቀን 12 ፋይል ነው። 7 ፋይል ግማሽ ቀን ከትንሽ ብቻ ይሸፍናል። አንድ ደንበኛ «ትናንት ከፍያለሁ፣ ምግቤ ግን አልመጣም» ሲል የምታየው ሎግ አይኖርህም። ለ30 ቀን 360 ፋይል ያስፈልጋል፤ 400 ያልኩት ለበዓል ሰሞን መጠባበቂያ ይሆናል ብዬ ነው። ማክስኤጅ 30 ደግሞ ከ30 ቀን በላይ የሆነውን ያጠፋል፤ ግን ዕድሜውን የሚያየው ሎጉ በሚዞርበት ጊዜ ብቻ ነው። ሎጉ መጻፍ ካቆመ አሮጌዎቹ እዚያው ይቀመጣሉ።

ቦታውን አስላው። የ30 ቀን ጥሬ ሎግ 180 ጊጋ ነው። ጽሑፍ ሎግ ሲጨመቅ ብዙ ጊዜ ወደ አሥረኛው ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ 20 ጊጋ አካባቢ ጠብቅ። የራስህን አንድ ፋይል ጂዚፕ አድርገህ ትክክለኛውን ቁጥር አግኝ እንጂ በእኔ ግምት ዲስክ አትግዛ።

ደግሞ 30 ቀን ይበቃል ወይ የሚለውን አንተ ብቻህን አትወስን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ድርጅታችሁ በዚህ ውስጥ ይገባል ወይ፣ የትኛው ሎግ ነው የሚባለው፣ ይህን የሕግ ባለሙያችሁ ይመልስ። ከገባ፣ የሚፈለገውን ሎግ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ማሽን ቅዳ። ሰርቨሩ ላይ ዓመት ሙሉ ማከማቸት አያስፈልግም። ሎጉ ውስጥ የደንበኛ ስልክ ቁጥርና አድራሻ ካለ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይመለከታችኋል። ቢያንስ ፋይሎቹ ለሁሉም ሰው ክፍት አይሁኑ፤ 0640 ይብቃቸው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄህ፦ ዞረ፣ ግን ዲስኩ አልለቀቀም። ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ በላይ መግባት ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሎግሮቴት በተለመደው መንገድ ሲያዞር የሚያደርገው የፋይሉን ስም መቀየር ነው። መተግበሪያህ ግን ፋይሉን የሚያውቀው በስሙ አይደለም። አንዴ ሲከፍተው ይይዘዋል፣ እስኪዘጋው አይለቅም። የቤቱን ቁጥር ስለቀየርክ ነዋሪው ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ መተግበሪያው ስሙ በተቀየረው ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ኮምፕረስ ደግሞ የተጨመቀ ቅጂ ይሠራና ዋናውን ይሰርዘዋል። የተሰረዘው ፋይል ከፎልደሩ ጠፋ፤ መተግበሪያው ስለያዘው ግን ከዲስኩ አልጠፋም። ማንም በማያየው ፋይል ላይ በቀን 6 ጊጋ ይጻፋል።

ምልክቱ ይህ ነው፦ «ዲኤፍ» ዲስኩ ሞልቷል ይልሃል፣ «ዲዩ» ብለህ ስትደምር ግን ያን ያህል ፋይል የለም። ልዩነቱ የት እንደገባ ለማየት «ሱዶ ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1» በል፤ ከመደመር ምልክቱ ቀጥሎ ያለው ኤል ትልቁ ነው። ተሰርዘው ግን የተያዙ ፋይሎችን ከነመጠናቸው ከነያዛቸው ፕሮግራም ይዘረዝራል። አንተ ጋ የመተግበሪያህ ስም እዚያ ዝርዝር ላይ እንደሚመጣ እገምታለሁ። ለዛሬ ሰርቪሱን ሪስታርት ስታደርገው ቦታው ወዲያው ይለቀቃል።

ለዘለቄታው ሁለት መንገድ አለ። የተሻለው መተግበሪያው ምልክት ሲሰጠው ሎጉን ዘግቶ እንደገና እንዲከፍት ማድረግ ነው። ኤንጂንኤክስ ዩኤስአር1 የሚባለውን ሲግናል ሲያገኝ ይህን ያደርጋል፤ አርሲስሎግ ደግሞ ሃፕ ሲያገኝ። ትእዛዙን ፖስትሮቴት እና ኤንድስክሪፕት በሚሉት መካከል ታስገባዋለህ። ሎጎቹ ብዙ ከሆኑ ሼርድስክሪፕትስ ጨምር፤ ለእያንዳንዱ ሳይሆን አንዴ ብቻ እንዲሠራ። በዚህ መንገድ ስትሄድ ዲሌይኮምፕረስም ጨምር፤ መተግበሪያው እስኪለቅ ድረስ የቅርቡ ፋይል ሳይጨመቅ አንድ ዙር ይቆያል።

የቤት ውስጥ መተግበሪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሲግናል አያውቅም። ለዚህ ነው ከላይ ኮፒትራንኬት የጻፍኩልህ። እሱ ፋይሉን ሳያንቀሳቅስ ይቀዳዋል፣ ከዚያ ዋናውን እዚያው ባዶ ያደርገዋል። ይሠራል፤ ግን በነጻ አይደለም። በመቅዳትና ባዶ በማድረግ መካከል የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ይጠፋሉ። ለመቅዳት የፋይሉን ያህል ባዶ ቦታም ይፈልጋል፤ ዲስክ ሊሞላ ሲል 6 ጊጋ መቅዳት ራሱ ይሞላዋል። 500 ሜጋ ላይ ማዞር ይህንንም ያቀልላል። የክፍያ ሎግ ከሆነ ግን አንድ መስመርም መጥፋት የለበትም፤ ለእሱ ኮፒትራንኬት አትጠቀም። ዴቨሎፐሮቻችሁ በሲግናል የሚከፍት አድርገው ያስተካክሉት።

ሌላም አለ። መተግበሪያው ፋይሉን በአፔንድ ሞድ (ሁልጊዜ ከፋይሉ መጨረሻ እንዲጽፍ) ካልከፈተው ኮፒትራንኬት ከሠራ በኋላ ቀድሞ ከነበረበት ቦታ ላይ ነው መጻፉን የሚቀጥለው። «ኤልኤስ -ኤል» ፋይሉ አሁንም ትልቅ ነው ይላል፣ «ዲዩ» ደግሞ ትንሽ ነው ይላል፤ መጀመሪያው በባዶ ተሞልቷል ማለት ነው። ሳይዝ የሚያየው የመጀመሪያውን ቁጥር ስለሆነ በየ15 ደቂቃው ያዞረዋል። መተግበሪያህ በሲስተምዲ ሰርቪስ የሚነሳ ከሆነ ዩኒት ፋይሉ ውስጥ ስታንዳርድአውትፑት የሚለውን እይ። «ፋይል፦» ከሆነ ወደ «አፔንድ፦» ቀይረውና ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ።

ከመተውህ በፊት ሞክረው። «ሱዶ ሎግሮቴት -ዲ» ብለህ የራስህን ኮንፊግ ስጠው። ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደነበር ይነግርሃል። «ሎጉ መዞር አያስፈልገውም» ካለህ ምክንያቱንም አብሮ ይጽፋል። ከዚያ በ«-ቪ» እና «-ኤፍ» በግድ አዙረው፤ «-ኤስ» ብለህ የራስህን ስታተስ ፋይል መስጠትም አትርሳ። በ«-ኤፍ» ዋናውን ሎግሮቴት.ኮንፍ እንዳትሰጠው፤ የሰርቨሩን ሎግ ሁሉ ባንዴ ያዞረዋል።

አንድ ፖስትሮቴት ስክሪፕት በእጅህ ስታስነሳው ሠርቶ በታይመር ሲነሳ ከከሸፈ ደግሞ ስክሪፕቱን አትጠራጠር። የኡቡንቱ ሎግሮቴት.ሰርቪስ ኢቲሲ እና ዩኤስአር ላይ መጻፍን ይከለክላል። ስክሪፕቱ ወደዚያ የሚጽፍ ከሆነ የሚጽፍበትን ቦታ ወደ ቫር ቀይረው።

ዶከር የምትጠቀሙ ከሆነ የኮንቴይነሩን ሎግ በዚህ አታዙሩ፤ የራሱ ማክስ-ሳይዝ እና ማክስ-ፋይል አለው፣ ካልተጻፈለት ያለ ገደብ ያድጋል። ጆርናልዲም (የሲስተምዲ ሎግ ሰብሳቢ) ሲስተምማክስዩዝ በሚለው የራሱን ያስተዳድራል። ፍሪቢኤስዲ ላይ ያለ አንባቢ ደግሞ ይህን ሁሉ ይተወው፤ እዚያ ሥራው የኒውስሲስሎግ ነው፣ ክሮን በየሰዓቱ ይጠራዋል፣ መጠንና ሰዓት ሁለቱም ኒውስሲስሎግ.ኮንፍ ውስጥ ባንድ መስመር ይጻፋሉ።

አሁንም አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ ለምንድን ነው በቀን 6 ጊጋ? የአንድ የምግብ ማዘዣ ሎግ ይህን ያህል መሆኑ ዲበግ ሞድ (ለስህተት ፍለጋ ጥቃቅኑን ሁሉ የሚጽፍበት ሁኔታ) ክፍት እንደቀረ ያስጠረጥራል። የትኛው ዓይነት መስመር እንደበዛ በግሬፕ ቆጥረህ ለዴቨሎፐሮቹ አሳያቸው። ወደ ኢንፎ (ዋና ዋናውን ብቻ ወደሚጽፍበት ደረጃ) ካወረዱት ከላይ ያሰላሁልህ ቁጥር ሁሉ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ቫር ሎግንም የራሱ ፓርቲሽን ላይ ለየው፤ ያኔ ሎጉ ቢሞላም ዳታቤዙ መጻፊያ አያጣም።

ይህን እስክትጨርስ ዲስኩ እንደገና ቢሞላብህ ሎጉን በ«አርኤም» አትሰርዘው፤ ያው የተያዘ ፋይል ሆኖ ይቀርብሃል። «ሱዶ ትራንኬት -ኤስ 0» ብለህ የፋይሉን ስም ስጠው፣ ቦታው እዚያው ይለቀቃል። አዲሱን አሠራር አስገብተህ ጠዋት ስትገባ ሊስት-ታይመርስ ላይ ያለፈው ጥሪ 04:00 መሆኑን፣ የኦርደር ፎልደሩ ውስጥም የተጨመቁ ፋይሎች መኖራቸውን እይ። ካልሆነልህ የ«-ዲ» ውጤቱን የደንበኛ መረጃ አውጥተህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።